በሽታውን ላጥና ወይስ ምግቡን?

ጥያቄ፦ «የመንዝ ልጅ ነኝ። በነርሲንግ ተመርቄ የብቃት ምዘናውን አልፌያለሁ፤ አሁን ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ሥራ እየፈለግሁ ነው። በሽታና የምግብ እጥረት በዓለም ዙሪያ ሕዝብን እንዴት እንደሚጎዳ ማጥናት እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራጭ በሚያጠናው ዘርፍ) ልማር ወይስ በኒውትሪሽን (በሥነ ምግብ)? እናቴ ደግሞ ‹የምን ትምህርት ነው አሁን፣ ክሊኒክ ተቀጥረሽ ደመወዝሽን ብይ› ትለኛለች።»

መልስ፦ እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር። ግማሽ እውነት አላቸው። ዘንድሮ ለሁለተኛ ዲግሪ አትመዝገቢ፤ መጀመሪያ ሥራ ግቢ። የማልስማማው «ክሊኒክ» ያሉት ላይ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

«ወይስ» ብለሽ የለየሻቸው ሁለቱ ነገሮች ሕዝብ ውስጥ ስትገቢ ተለያይተው አይገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ሕፃናት ግማሽ በሚጠጉት ላይ የምግብ እጥረት እጁ አለበት። የሞት መዝገቡን ብትገልጪው ግን «ረሃብ» የሚል አታገኚም። ሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ ኩፍኝ፣ ወባ ነው የሚለው። ጠግቦ ያደገ ልጅ ኩፍኝ ይዞት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ የከሳው ግን በቀላሉ ይሞታል። ተገላቢጦሹም አለ፤ ደጋግሞ ተቅማጥ የሚይዘው ልጅ የበላው ሁሉ አካሉ ላይ አይቆይም።

ይህን ከሁሉ በላይ ያስረዳኝ የጆሴፍ ጎልድበርገር ታሪክ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሐኪም ፔላግራ የሚባል በሽታ ወደሚፈጀው የአገሪቱ ደቡብ ላከው። በሽታው ቆዳን ይልጣል፣ ያስቀምጣል፣ ቆይቶ አእምሮን ይነካል። ብዙዎቹ ሐኪሞች ተላላፊ ነው ይሉ ነበር፤ ጎልድበርገር ራሱም ስሙን ያገኘው በተላላፊ በሽታዎች ሥራ ነው። የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያዎችንና የሙት ልጆች ማሳደጊያዎችን ሲዞር ግን አንድ ነገር አየ፦ የሚታመሙት ተጠባቂዎቹ ናቸው እንጂ አስታማሚዎቹ አይደሉም። ጀርም ደግሞ አስታማሚና ታማሚ አይለይም። ልዩነቱ ከሳህኑ ላይ ነበር፤ ድሆቹ በቆሎ፣ የሸንኮራ ሽሮፕና የአሳማ ስብ ነው የሚበሉት። ወተት፣ ሥጋና እንቁላል ሲጨመርላቸው በሽታው ጠፋ። የጎደለው ኒያሲን የተባለው ቫይታሚን መሆኑ የተረጋገጠው ቆይቶ በ1937 ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ኤፒዲሚዮሎጂስት ነው ወይስ የሥነ ምግብ ባለሙያ? እሱ የጠየቀው «ማን ይታመማል፣ ማንስ አይታመምም?» ብሎ ነው።

የድሮ ታሪክ ነው እንዳትይኝ፣ በ2023 የታተመ የሕንድ ጥናት አለልሽ። ጃርካንድ በሚባለው ግዛት ከቲቢ ሕሙማን ጋር በአንድ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች በየወሩ እህልና ጥራጥሬ ታደላቸው። ከእነሱ መካከል በቲቢ የሚያዙት፣ ካልታደላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ 40 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒት ሳይሆን ምግብ ነው!

አሁን ወደ ሰፈርሽ እንምጣ። ከደብረ ብርሃን ተነስተሽ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈሽ በደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ፣ ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ወርደሻል። ላይ ገብስ፣ ባቄላና በግ፤ ብርዱ የወባ ትንኝ አያስጠጋም፤ ከጎመን ሌላ አትክልት እንደ ልብ አይገኝም። ታች ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም፤ ከነሱ ጋር ወባ። በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ዓይነት የጤና ችግር ታያለሽ (መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው)። ደጋም ቢሆን ሁልጊዜ አይጠብቅም፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ወባ ወደ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ወጥታ በግምት 150,000 ሰው ገድላለች። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት የቀነጨሩት በአገር ደረጃ 38 በመቶ ሲሆኑ፣ እህል በሚታፈስበት አማራ ክልል 46 በመቶ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። ጎተራው ሞልቶ ልጅ ለምን ይቀነጭራል? እንቁላሉ ገበያ ይወጣል። በጾም ወራት እናት ለሕፃኑ የፍስክ ብትሠራ ድስቱን ይነካብኛል ብላ ትተወዋለች፤ ልጁ እንዳይጾም የተፈቀደለት መሆኑን እያወቀች። ይህን የምታውቂው ከመጽሐፍ አይደለም።

ከቀጣሪ ፊት ዋጋ የሚያወጣልሽም ይኸው ዕውቀት ነው። አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። መቀንጨር የሚታወቀው ቁመት ከዕድሜ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ቁመቱን የመለኪያ ሰሌዳው ይነግርሻል፤ ዕድሜውን ግን ከእናትየው አፍ ነው የምታገኚው። በጥቅምት ቤቷ ሄደሽ «መቼ ተወለደ?» ስትያት «ካቻምና፣ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት» አለችሽ እንበል። የቸኮለ መረጃ ሰብሳቢ «ሁለት ዓመት» ብሎ ያልፋል። በትክክል ሲቆጠር 20 ወር ነው። ልጁ ወንድ ሆኖ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ መሠረት በ24 ወሩ ቀንጭሯል ይባላል፤ በ20 ወሩ ግን አልቀነጨረም። በየቤቱ እንዲህ ከተጻፈ የወረዳው አኃዝ በሙሉ ይዛባል፤ ርዳታውም በዚያው አኃዝ ይደለደላል። የጥናት ቡድኖች ለዚህ ሲሉ የአካባቢውን በዓላት የያዘ የዘመን መቁጠሪያ ያዘጋጃሉ። አንቺ እሱን ከቤትሽ ይዘሽው መጥተሻል።

ስለዚህ ከክሊኒክ ይልቅ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ አመልክቺ። የሕብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር የሥራ ሂደት ላይ ቦታ ካለ እሱን አስቀድሚ፤ የወባው፣ የኩፍኙና በጣም የከሱ ሕፃናት ሪፖርት የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ካልሆነ የከሱ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ይሁን። እስኪሳካ የጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሲፈለግ ተመዝገቢ፤ ቀናቱ ጥቂት ናቸው፣ የሚያስተምሩት ግን ብዙ ነው። ማታ ማታ ኤክሴልን አጥኚ፤ በስልክ መረጃ የሚሰበሰብበትን ኮቦ (KoboToolbox) እና ለሥነ ምግብ ጥናት የሚያገለግለውን ኢኤንኤ (ENA) የተባሉትን ፕሮግራሞች ተለማመጂ፤ ኢኤንኤ በነጻ ይገኛል።

ሁለት ዓመት ያህል ከሠራሽ በኋላ እኔ የምመርጥልሽ ኤፒዲሚዮሎጂ ነው፤ የመመረቂያ ጥናትሽን በምግብ እጥረት ላይ አድርጊው። ምክንያቴ የእንጀራ ነው። የኒውትሪሽን የሥራ ቦታዎች ብዙዎቹ በፕሮጀክት ገንዘብ የቆሙ ናቸው፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ርዳታ ሲቋረጥ ስንቱ ባለሙያ ቤቱ እንደገባ አይተሻል። የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ የሚሠራበት የበሽታ ቅኝት (ክትትል) ግን እስከ ወረዳ የተዘረጋ የመንግሥት መዋቅር አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና ቢሳካልሽ ደግሞ አብዛኛው ጊዜሽ ከክፍል ይልቅ በመስክ ላይ ያልፋል፤ ለአንቺ ዓይነት ሰው የተሠራ ይመስለኛል። ልብሽ ወደ ምግቡ ካዘነበለ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማና ሐዋሳ ያስተምሩታል፤ አልከለክልሽም።

የሥራ ማመልከቻሽ ላይ «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን ሰርዢው፤ ሁሉም ይጽፈዋል። በምትኩ በተግባር ልምምድ ጊዜ መክሳታቸውን ለማወቅ የስንት ልጆችን ክንድ እንደለካሽና ስንቱን ወደ ሕክምና እንደላክሽ ጻፊ። ካልለካሽ በአቅራቢያሽ ያለውን ጤና ጣቢያ አስፈቅደሽ በክትባት ቀን አግዢያቸው፤ በክትባት ቀን ሰው ስለሚያጥራቸው እምቢ የሚሉሽ አይመስለኝም።