ባዮሜዲካል «የሆስፒታል ዕቃ ጥገና» ነው ወይ? ለጠየቅሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ነው ያየሁት፤ ሁለት መስመር ጽፎ ማለፉ ስለከበደኝ ዛሬ ረጋ ብዬ መጣሁ። ወንድምሽ ባዮሎጂም ፊዚክስም እንደሚወድ፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ልግባ ሲል ጎረቤት «እሱ እኮ የሆስፒታል ዕቃ ጥገና ነው» እንዳለው፣ እናታችሁ ደግሞ ሕክምና ይግባ እንደሚሉ ጽፈሻል። ከሁሉም የያዘኝ ግን የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ናት፦ «ባዮሎጂው የት ጋ ነው የሚገባው?» ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ደመወዝ ብዙ ብለዋል፤ ይህችን ግን ማንም አልነካትም። እኔ ደጋ ላይ ባለ አንድ ሆስፒታል በዚሁ ሙያ ስለምሠራ የማየውን ልንገርሽ።

ጥገና መሆኑን አልክድም። ፊውዝ እንቀይራለን፣ ቦርድ እንበይዳለን፣ የተነቀለ ሶኬት ሰክተን «ተሠርቷል» ብለን የምንወጣበትም ቀን አለ። ልዩነቱ፣ የሕክምና ማሽን እንደ ቴሌቪዥን ብቻውን አይሠራም። ሌላኛው ጫፉ ሰው ላይ ነው የሚያበቃው። ብልሽቱ የቱ ጋ እንዳለ ለማወቅ ሁለቱንም ጫፍ ማንበብ አለብሽ።

ጣት ላይ የምትሰካዋን ፐልስ ኦክሲሜትር ውሰጂ፤ በኮሮና ጊዜ ያላያት የለም። ውስጧ ሁለት መብራት አለ፤ አንዱ የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ቀይ፣ ሌላው 940 ናኖሜትር አካባቢ ያለ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን ቀዩን በብዛት ያሳልፋል፣ ኢንፍራሬዱን ይበልጥ ይውጣል፤ ኦክስጅን የሌለው ተቃራኒውን ያደርጋል። የሁለቱን ንጽጽር ብታሰሊ ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ታውቂያለሽ። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ችግሩ መብራቱ ደሙን ብቻ አይደለም የሚያቋርጠው፤ ቆዳ አለ፣ አጥንት አለ፣ ሥጋ አለ፣ በደም መልስ የሚመለሰው ደም አለ። ይህን ሁሉ እንዴት ትለያለሽ?

መልሱን ያገኘው ታኩኦ አኦያጊ የሚባል የኒሆን ኮደን ኩባንያ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፤ በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሰውዬው ይህን አልነበረም የሚፈልገው። ልብ ምን ያህል ደም እንደምትረጭ ሊለካ ደም ውስጥ ቀለም አስገብቶ በጆሮ በኩል በብርሃን ሲከታተል የልብ ትርታ መስመሩን እያንቀጠቀጠ አስቸገረው። ያንን ረብሻ ለማጥፋት ሲታገል አንድ ነገር ታየው፦ የሚንቀጠቀጠው የደም ቅዳው፣ ማለትም ከልብ የሚወጣው፣ ደም ብቻ ነው፤ ቆዳውም አጥንቱም ባሉበት ናቸው። እንግዲያው የማይለዋወጠውን ቀንሰሽ የሚንቀጠቀጠውን ብቻ ብትወስጂ የቀረሽ ንጹሕ የደም ቅዳ ደም ነው። ሊጥለው የነበረው ረብሻ የሚፈልገው መረጃ ሆኖ ተገኘ። ፊዚዮሎጂ የማያውቅ መሐንዲስ ቢሆን አጣርቶ ይጥለው ነበር፤ ሰርኪውት የማያውቅ ሐኪም ደግሞ መጀመሪያውኑ አያየውም። ወንድምሽ «ሁለቱም የሚገናኙት የት ነው?» ቢልሽ ይህን ንገሪው።

አሁን ወደ ዋርድ እንግባ። ስልክ ይደወላል፦ «ኢንጂነር፣ ሞኒተሩ አብዷል፤ ኦክስጅኑን 76 በመቶ ይላል፣ ሕፃኑ ግን እየጠባ ነው።» ሄጄ መጀመሪያ ማሽኑን አልነካም፤ የሕፃኑን እግር ነው የምነካው። እግሩ ከቀዘቀዘ የደም ሥሮቹ ተኮማትረዋል፣ ትርታው ደክሟል፤ ትርታ ከሌለ ማሽኑ የሚያነበው ስለሌለው ይቀባጥራል። ካልሲ አድርገንለት ሲሞቅ ቁጥሩ ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ለቢጫነት ሕክምና የበራው ሰማያዊ መብራት ሴንሰሩ ውስጥ ገብቶ ያሳስተዋል፤ ሴንሰሩን በጨርቅ መሸፈን ይበቃል። ለአዋቂዎች ሲሆን ጥፍር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ነው፤ ጆሮ ጫፍ ላይ የሚሰካ ሴንሰር ካለ ወደዚያ እናዞረዋለን። ሴንሰሩን ራሴ ጣት ላይ ሰክቼ 94 ካለኝ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ሳጥኑን የምፈታበት ምክንያት የለም።

ማሽኑ ራሱ በአፈጣጠሩ የሚሳሳትበትም አለ። በታኅሣሥ 2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ የሚሺጋን ተመራማሪዎች ሥራ፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ብሎ ደኅና ናቸው ካላቸው መካከል ከደም ቅዳ በተቀዳ ደም ሲመረመሩ ከ88 በታች የተገኙት ከጥቁሮቹ ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ ደግሞ 3.6 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የቆዳ ቀለምም ብርሃን ይውጣል፣ መሣሪያዎቹ የተስተካከሉት ደግሞ በአመዛኙ ቀላ ባለ ቆዳ ላይ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥር 2025 አምራቾች በተለያየ የቆዳ ቀለም ላይ እንዲፈትሹ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ አውጥቷል። መሣሪያው ዓለምን ከሞላ ከስንት ዓመት በኋላ! እኛ ዋርድ ውስጥ የተኛው ሁሉ ጠይም ወይም ጥቁር ነው፤ ስለዚህ 92 ሲል «ደኅና ነው» ብለን አንተኛም፣ አተነፋፈሱንም እናያለን።

ከፍታው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። ያው ሞኒተር፣ ያው አላርም፣ የተለያየ አየር። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ኦክስጅን ይሰጥ የሚለው ከ90 በታች ሲሆን ነው፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ግን 87ና ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል ይላል። ቆላ ላይ የተስተካከለ አላርም ደጋ ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፤ ነርሶቹ ሰልችቷቸው ድምፁን ያጠፉታል። ከዚያ በእውነት የሚጮህበት ቀን ማንም አይሰማውም። ይህ በሽቦ አይጠገንም፤ ቁጥሩን ለቦታው አስልቶ ማስገባት ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች የኦክስጅን መጠናቸው በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ሄሞግሎቢናቸውም እንደ ደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ ሰዎች አልጨመረም። ሰውነታቸው በምን ዘዴ እንደቻለው እስካሁን ያከራክራል። ባዮሎጂ የሚወድ ልጅ ይህን ካነበበ እንቅልፍ አይወስደውም።

ኦክስጅን ኮንሰንትሬተሩም እንዲሁ ነው። አየር ስቦ ዚኦላይት በተባለ ድንጋይ መሰል ነገር ውስጥ በግፊት ያሳልፈዋል፤ ዚኦላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዝና 93 በመቶ አካባቢ ኦክስጅን ይወጣል። ዚኦላይቱ እርጥበት ይጠላል፤ ፊልተሩ በአቧራ ሲደፈን መጭመቂያው ይሞቃል። ማሽኑ እየጮኸ፣ የማርጠቢያ ጠርሙሱ ውሃ እየተንተከተከ፣ የሚወጣው ግን ከተራ አየር ብዙም ያልተሻለ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይታወቅም፤ የኦክስጅን መለኪያ ይዞ መዞር ያስፈልጋል።

ስለ ሰማያዊው መብራትም አንድ ነገር ልበል። በ1950ዎቹ እንግሊዝ ሮችፎርድ ሆስፒታል ውስጥ ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ሕፃናትን ፀሐይ ታሞቅ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ለሐኪሞቹ ስታሳይ አንሶላ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ፣ ፀሐይ ያገኘው ነጥቶ ታየ። ከዚያ የሐኪሙ የክሬመርና የባልደረቦቹ ጥናት በ1958 ወጣ። ሕፃኑን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን 460 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ሲውጥ ቅርጹ ይለወጥና ጉበትን ሳያስቸግር ይወጣል። ዋናው ነገር የብርሃኑ ሞገድና ጥንካሬ ነው እንጂ ለዓይን ሰማያዊ መሆኑ አይደለም። አምፖል ሲቃጠል ከገበያ ሰማያዊ የተቀባ ተራ አምፖል ገዝተው የሚሰኩ አሉ፤ ክፍሉ ያምራል፣ የሕፃኑ ቢጫነት ግን ፈቀቅ አይልም። እናትየው «መብራት ላይ ነው ያለው» ብላ ተረጋግታ ትቀመጣለች። እኔን ከምንም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ርካሽ የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። መተንፈስ ለከበደው ሕፃን የሚደረገው ባብል ሲፓፕ ውስጡ ይኸው ነው፦ ሕፃኑ የሚተነፍስበት ቱቦ ሌላው ጫፍ ውሃ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ከገባ ሳንባው ውስጥ የ5 ሴንቲሜትር ውሃ ግፊት ይቆያል፣ የአየር ከረጢቶቹ አይከደኑም። የባንግላዴሹ ሐኪም ጆባየር ቺስቲ በሻምፑ ጠርሙስ ሠርቶት ውጤቱን በ2015 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ፤ ኋላም እኛው አገር ጠቅላላ ሆስፒታሎች ውስጥ ተሞክሯል። ማይክሮቺፕ የለውም፣ መብራት ሲጠፋ የሚሞት ስክሪን የለውም።

ሙያው ሆስፒታል ብቻ እንዳይመስለው። ሕዋሱን ራሱን እንደ ፋብሪካ የሚያሠሩም አሉ። የወባው መድኃኒት ኮአርተም የሚሠራበት አርቴሚሲኒን ከተክል ነው የሚገኘው፤ በ2006 የጄይ ኪስሊንግ ቡድን ካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የእርሾ ዘረመል ቀይሮ የአርቴሚሲኒኑን መነሻ አሲድ እንዲያመርት አደረገው። በ2013 የፈረንሳዩ መድኃኒት አምራች ሳኖፊ በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ጀመረ። ከዚያ የተክሉ ዋጋ ወረደና እርሾው ከገበሬው ጋር መወዳደር አቃተው። ሳይንሱ ሠርቶ ገበያው ያልሠራለት ነገር ነው፤ ይህንንም ይወቀው።

ስለ ሥራ ባጭሩ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። የሚቀጥሩት ሆስፒታሎች፣ አስመጪዎችና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። አስመጪ ጋ ክፍያው ይሻላል፣ ሆስፒታል ጋ ትምህርቱ። የሆስፒታሉ ትልቁ ፈተና መለዋወጫ ነው፤ ስቶራችን ውስጥ በ110 ቮልት የሚሠራ፣ ሪኤጀንቱ (የምርመራ ኬሚካሉ) እዚህ የማይገኝ የእርዳታ ዕቃ ተደርድሯል። ውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ኮንቴይነር ከመሙላታችሁ በፊት የሆስፒታሉን ኢንጂነር ደውላችሁ ጠይቁ፤ 220 ቮልት ይሁን፣ ሴንሰሩና ፊልተሩም አብሮ ይምጣ።

የእናትሽን ነገር በተመለከተ፦ ልጁ ከሰው ጋር ማውራት፣ ማዳመጥ፣ መዳሰስ የሚወድ ከሆነና ውጤቱ ከበቃ እናትሽ ልክ ናቸው፣ ሕክምና ይግባ። ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ የሚገጥም፣ ከዚያም «ለምን?» እያለ የሚያደርቃችሁ ከሆነ ወደኛ ላኪው። ደም ስለሚፈራ ብቻ ሐኪምነትን ሸሽቶ ከሆነ ግን ንገሪው፤ ደምና ፈሳሽ የሚመጠው የሳክሽን ማሽን ጠርሙስ ሞልቶ ወደ ሞተሩ ሲገባ የሚፈታው እሱ ነው። ጓንት ደርቦ ይልበስ።