ሱዳን ኮንዶሚኒየም ነበረች እንዴ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰሞኑን ልጄ ስለ ሱዳን ታሪክ ሲያነብ «የእንግሊዝና የግብፅ ኮንዶሚኒየም» የሚል አገኘና «አባዬ፣ እዚያም ዕጣ ይወጣ ነበር?» አለኝ። ስቄ አለፍኩት እንጂ መልሱን አላውቀውም። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ቤት ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ቃሉ ስለ ፎቅ ምንም አይልም። እንግሊዝኛው ከላቲን የወሰደው ሲሆን «ኮን» አብሮ፣ «ዶሚኒየም» ደግሞ ባለቤትነት ወይም ጌትነት ነው። ከሥሩ ያለው «ዶሚኑስ» ጌታ፣ የቤቱ አዛዥ ማለት ነው። (ትራንስፎርመር ላይ የሚለጠፈው «ዴንጀር» እንኳ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ድሮ ጌታው በሰው ላይ ያለውን ሥልጣን ነበር የሚናገረው።)

እንግሊዞች ቃሉን መጀመሪያ ያዋሉት ለአገር ነው። ሁለት መንግሥታት አንድ መሬት በጋራ ሲገዙ ኮንዶሚኒየም ይባላል። እንግሊዝና ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1899 ተፈራርመው ሱዳንን እስከ 1956 ያዙ፤ በወረቀት የጋራ ይባል እንጂ አዛዧ እንግሊዝ ነበረች። ለልጅዎ ዕጣ አልነበረም ይበሉት፣ ነዋሪውን የጠየቀም የለም። የዛሬዋን ቫኑዋቱ ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከ1906 እስከ 1980 አብረው ገዟት። ሁለት ፖሊስ፣ ሁለት እስር ቤት! ስሙን አጣመው «ፓንዲሞኒየም» ማለትም ትርምስ እያሉ ቢያሾፉባት አይፈረድም።

ለመኖሪያ ቤት የገነነው አሜሪካ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ፎቅን ከፋፍሎ ለመሸጥ የሚፈቅዱ ሕጎች ሲወጡ። ስለዚህ እዚያ አገር ሁለት አንድ ዓይነት ሕንፃ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ የአንድ ሰው ሆኖ ሙሉውን የሚያከራየው ከሆነ አፓርትመንት ነው፣ ሌላው በየቤቱ ባለቤት ካለው ኮንዶሚኒየም። እኛ ጋ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 370 ገባ፤ በአማርኛ «የጋራ ሕንፃ» ነው የሚባለው፣ እና እኔን ከጠየቁኝ ከፈረንጁ የተሻለ ስም ነው።

ከበርዎ ወደ ውስጥ ያለው የግልዎ ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት ኮሚናሉ ግን የሁላችሁም ነው። ስለዚህ ጀሪካንና የከሰል ማዳበሪያ ደረጃው ላይ ደርድሮ «በሬ ፊት እኮ ነው» የሚል ጎረቤት ካለዎት፣ በሩ የእሱ ነው፣ ፊቱ ግን የጋራ ነው ይበሉት። ካልሰማ ለማኅበሩ ኮሚቴ ይንገሩ።