አጠገባችሁ የሚሰግደውን ሰው እዩት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የሂንዱዎችን አምላክ የክሪሽናን አምልኮ መንገድ ለጀመራችሁ፣ ጠዋት ጠዋት መቁጠሪያ ይዛችሁ ስሙን ለምትጠሩ ነው። ብዙዎቻችሁ ጎበዞች ናችሁ። ጾሙን ትጠብቃላችሁ፤ ጥቅሱን በቃላችሁ ትወጡታላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። መሠዊያው ፊት ተደፍታችሁ ትሰግዳላችሁ። ከዚያ ትነሡና አጠገባችሁ የሰገደውን ሰው ሰላም እንኳ ሳትሉት ታልፋላችሁ።

ነገሩ የጨዋነት ጉድለት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። ቅዱስ መጽሐፋችን ሽሪማድ ባገቫታም ግን ከዚያ ያከብደዋል። በ11ኛው ክፍሉ ላይ፣ የአምላክን ምስል በእምነት እያመለከ የአምላክን ወዳጆችና ሌላውን ሰው የማያከብር ገና ጀማሪ ነው ይላል። እኔ እንደምረዳው፣ ቤተ መቅደስ ሲመላለስ የኖረበት ዓመት እዚህ ላይ አይቆጠርለትም።

የንጉሥ አምባሪሻን ታሪክ ሳትሰሙ አትቀሩም። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እሳቱንና ማሳደዱን ነው። እኔ ደግሞ መጨረሻውን እንድታስተውሉት እፈልጋለሁ። ንጉሡ ከንግሥቲቱ ጋር ጨረቃ በሞላችና በጎደለች በ11ኛው ቀን የሚጾመውን የኤካዳሺን ጾም ዓመቱን ሙሉ ጠብቆ ሊፈታ ሲል ዱርቫሳ የሚባል ባሕታዊ በእንግድነት መጣ። ገላዬን ልታጠብ ብሎ ወደ ያሙና ወንዝ ወረደና ቆየ። የጾም መፍቻው ሰዓት ሊያልፍ ሆነ። እንግዳ ሳይበላ መብላት ነውር ነው። ጾሙን በሰዓቱ አለመፍታትም ጥፋት ነው። ንጉሡ ሊቃውንቱን አማክሮ ውኃ ብቻ ተጎነጨ።

ባሕታዊው ይህን ሲያውቅ በቁጣ ነደደ። ከፀጉሩ ነቅሎ ንጉሡን የሚያጠፋ ጋኔን ፈጠረ። የቪሽኑ፣ ማለት የክሪሽና፣ ቻክራ የሚባለው የሚሽከረከር የእሳት መሣሪያ ጋኔኑን አቃጥሎ ባሕታዊውን ያሳድደው ጀመር። ወደ አማልክቱ ወደ ብራህማ ሸሸ። ወደ ሺቫ ሸሸ። በመጨረሻ ቪሽኑ ዘንድ ደረሰ። ቪሽኑ ግን እኔ በወዳጆቼ እጅ ነኝ፣ ይቅርታውን ከንጉሡ ጠይቅ ብሎ መለሰው።

ያን ሁሉ ጊዜ ንጉሡ ምን ያደርግ ነበር? ዓመት ሙሉ ውኃ ብቻ እየጠጣ እንግዳውን ይጠብቅ ነበር። ሊያጠፋው የተነሣውን ሰው። ዱርቫሳ መጥቶ እግሩን ሲይዘው ንጉሡ አፈረ። ቻክራው እንዲተወው ጸለየለት። አስቀድሞ እንግዳውን አጥግቦ ነው እሱ እህል የቀመሰው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የቪሽኑ መልስ ነው። ሰው በድላችሁ ወደ አምላክ ብትሮጡ፣ ወደዚያው ወደ በደላችሁት ሰው ይመልሳችኋል።

ታዲያ እንዴት ይለመዳል? ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። በ16ኛው መቶ ዘመን ሕንድ አገር ቭሪንዳቫን የኖረው መምህር ሩፓ ጎስዋሚ በ11 ስንኞች በጻፈው ትንሽ መጽሐፉ የፍቅር ምልክቶቹን ይዘረዝራል። መስጠትና መቀበል፣ የልብን ማጫወትና የሌላውን ልብ መጠየቅ፣ ፕራሳዳም (ለአምላክ ቀርቦ የተባረከ ምግብ) ማብላትና መብላት። እኛ ሐበሾች ማብላቱን አናጣውም፤ ሳናጎርስ የማንውል ሰዎች ነን። የሚከብደን መቀበሉና ልብን መክፈቱ ነው። እንዴት ነህ ሲሉን ደህና ነኝ ብለን በሩን እንዘጋዋለን። ስለዚህ ከዚህኛው ጀምሩ። አንድ የምታምኑት ምእመን ፈልጉና ጸሎቱ ሲደርቅባችሁ ንገሩት።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለንደን ውስጥ በነርስነት ሠርቻለሁ። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ጠዋት ፊቱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያ ዝም ብሎ ድስት የሚያጥበው ወንድማችሁም ሌሊቱን አውቶቡስ ሲነዳ አድሮ ይሆናል። የማለዳው ጸሎት ላይ ለምን የለም ከማለታችሁ በፊት እንዴት እንዳደረ ጠይቁት። በማኅበራችን በኢስኮን (የክሪሽና ንቃት ማኅበር) ቃል የገባ ምእመን በቀን 16 ዙር መቁጠሪያ ይቆጥራል፤ በእያንዳንዱ ዙር ጸሎቱን 108 ጊዜ ይላል። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህን የሚሞላ ወጣት ያልሞላውን መናቅ ይቀናዋል። ሩፓ ጎስዋሚ ግን የክሪሽናን ስም የሚጠራውን ሁሉ በልባችሁ አክብሩ ይላል። ቅዱሱ የጋንጋ (ጋንጅስ) ወንዝ በክረምት አረፋና ጭቃ ይዞ ቢወርድም ቅድስናው አይቀንስም፤ የምእመንንም ትውልድና የአካል ጉድለት እንዲሁ እለፉት ይላል።

ይህ ከሂንዱ ቤተሰብ ውጭ ለተወለድነው ለእኛ ቅርብ ነገር ነው። የክሪሽናን ስም በመጥራት የታወቀው ምእመን ሃሪዳስ ታኩር የተወለደው ከሙስሊም ቤተሰብ ነበር። ሕንድ ውስጥ ፑሪ ከተማ ሲኖር ወደ ጃጋናት (የክሪሽና) ቤተ መቅደስ አይገባም ነበር። (ዛሬም እኔና እናንተ ብንሄድ በሩ ላይ ነው የምንቀረው።) የመንገዳችን ታላቅ መምህር ቻይታንያ ማሃፕራቡ (በፈረንጆች 1486–1534) ግን ራሱ እየሄደ ይጠይቀው ነበር። ሃሪዳስ ሲሞት አስከሬኑን ታቅፎ ዘመረ፤ በባሕሩ ዳርም ቀበረው። ለተዝካሩ የሚሆነውን ፕራሳዳም ከነጋዴዎች የለመነው እሱ ራሱ ነው። ሕዝቡ ሁሉ የሚሰግድለት መምህር ለአንድ ምእመን ብሎ ልመና ወጣ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ማክበር ማለት በደልን መሸፈን አይደለም። በፈረንጆች 1970ዎቹና 80ዎቹ በማኅበራችን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሕፃናት ተበድለዋል። ማኅበሩም በኋላ የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ አቋቁሟል። ማንም ሰው ምእመንን መንቀፍ ኃጢአት ነው ብሎ አፋችሁን ሊያዘጋ ቢሞክር አትስሙት። የተጎዳው ልጅም ምእመን ነው። በደል ስታዩ ለሚመለከተው አካልና ለፖሊስ ተናገሩ። ሐሜት የምለው የሰው ድካም ከፕራሳዳም በኋላ ሻይ ይዞ ሲወራ ነው። ያንን ተዉት።

አሁንም የተቀያየማችሁት ካለ በስልክ መልእክት አትላኩለት። ሂዱና ፊት ለፊት አናግሩት። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ትልቅ ሰው አስታርቁን በሉ። ስታናግሩት ስለራሳችሁ ጥፋት ብቻ ተናገሩ፤ አንተም እኮ አትበሉ። ወዲያው ይቅር ባይላችሁ አትቆጡ። ጊዜ ስጡት፣ ስሙንም በክፉ አታንሡ።