የደሴውን የድጋፍ ግንብ ሥዕል ለጠየቅከው

ወንድምዓለም፣ «የተኮራረፉት ሁለቱ ሰፈሮች መሀላቸው ያለውን ግንብ አብረው ሊቀቡ ነው፤ ስንት ቀለም ይበቃል?» ብለሃል። ቀለሙ ይቆይ፣ ግንቡን እዩ። የደሴ ግንብ አብዛኛው አፈር የደገፈ ስለሆነ ውሃው የሚመጣው ከጀርባ ነው።

1. ጥቅምት ሳይገባ ብሩሽ አታንሡ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ግንቡ ላይ ጠርዙን በሚለጠፍ ፕላስተር አሽጋችሁ አንድ ቀንና ሌሊት ተዉት። ከሥሩ ጤዛ ካገኛችሁ ግንቡ ገና ክረምቱን አልጨረሰም። ከእግሩ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በብረት ጥረጉ፤ «ለውበት» ብሎ በሲሚንቶ የሚደፍን አይጠፋምና ጠብቁ። ነጭ ጨው ካወጣ በሽቦ ብሩሽ በደረቁ ይፈቅፈቅ፣ በውሃ ከታጠበ ተመልሶ ይገባል። አዲስ ልስን 28 ቀን ይጠብቅ።

2. ዘይት ቀለም ይቅር። ሻጮቹ «ያብረቀርቃል» ይሏችኋል፤ እርጥበቱን ስለሚያፍነው ግን አረፋ ሠርቶ ይላጣል። የውጭ ግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ግዙ። ጂፕሰም ውጭ አይሆንም። ሻካራ ልስን ላይ 1 ሊትር ከ6 ካሬ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ግንቡ 20 ሜትር በ2.5 ከሆነ ለመደቡ (ከሥዕሉ ሥር ለሚሆነው ቀለም) ብቻ፣ በሁለት እጅ፣ 17 ሊትር ያዙ። እያንዳንዱን ቅልቅል ለሙሉ ሥራው በአንዴ በጥብጡ፤ በማግስቱ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

3. አከፋፈሉ። ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው። «እናንተ በግራ፣ እነሱ በቀኝ» ከተባለ ድንበር ሣላችሁ ማለት ነው። ጠመኔ በተቀባ ሲባጎ ግንቡን በ50 ሳንቲ ሜትር ካሬ ክፈሉት፣ 200 ካሬ ይወጣል። የንድፉ ወረቀት ላይ ያው ካሬ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሠዓሊው ጠርዙን ብቻ አውጥቶ በየክፍሉ የቀለሙን ቁጥር ይጻፍ፤ ብሩሽ ይዘው የማያውቁ እናትም ይቀባሉ። ካሬዎቹን በዕጣ አድሉ። ባልዲ አታብዙ፦ ለአንድ ቀለም አንድ ባልዲ፣ የግድ «እስቲ አቀብለኝ» እንዲባባሉ።

የሰው ፊት አትሣሉ፤ የማን ፊት የሚለው ክርክር አያልቅም፣ ግንቡ መስጊድ አጠገብ ከሆነማ ጭራሽ። የሞሰብና የሰፌድ ጥለት፣ የጦሳ ተራራ፣ የባቲ ገበያ ይበቃል። ጥለት ለካሬ ይመቻል፣ ስህተቱም አይታወቅም።

ፈቃዱ ላይ አትሞኙ። ደብዳቤውን የሁለቱም ሰፈር የእድር ዳኞች ይፈርሙበት፣ ንድፉ አባሪ ይሁን፣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ እጃችሁ ይግባ። «ጀምሩ፣ ችግር የለውም» ያለው ሹም ሲቀየር ተተኪው ኖራ ያስቀባበታል። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል!

ሥራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብቻ። በኅዳር ማታ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ያልደረቀ ፕላስቲክ ቀለም አይያያዝም፣ ቆይቶ እንደ ዱቄት ይራገፋል።

ከተረፈው ቀለም ቁጥር 1፣ 3፣ 5ን አንዱ እድር፣ 2፣ 4፣ 6ን ሌላኛው ያስቀምጥ፤ የተላጠውን ለመጠገን መፈላለጋቸው አይቀርም። ክዳኑ ብቻ ጥብቅ ይበል።