የልብስ ሰፊው ልጅ ዲዛይን ልማር ስትል

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደሴ ነሽ፤ 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ እየጨረስሽ ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ትስያለሽ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ በስልክሽ ካንቫ በሚባለው የዲዛይን መተግበሪያ ላይ የሠርግና የምርቃት ካርድ እየሠራሽ ለሰፈሩ ሰው ትሰጫለሽ። ኮሌጅ ገብተሽ ዲዛይን መማር ትፈልጊያለሽ፤ አባትሽ ግን «ሥዕል እንጀራ አይሆንም፣ ነጥብ ከመጣልሽ ጤና ግቢ» ብለውሻል። የጠየቅሽኝ ዲዛይን ምን ምን ሥራ እንዳለው፣ የት እንደሚማሩትና ለአባትሽ ምን ብለሽ እንደምትመልሺላቸው ነው።

እኔን ግን ያቆመችኝ ከደብዳቤው ግርጌ እንደ ዋዛ የጣልሻት አንዲት ነገር ናት፤ «አባቴ ልብስ ሰፊ ነው» የምትለው።

እስቲ አንድ ቀን ሱቃቸው ተቀምጠሽ ተመልከቺ። ደንበኛዋ ሦስት ሜትር ጨርቅና በስልክ የያዘችውን የቀሚስ ፎቶ ይዛ ትመጣለች። አባትሽ መጀመሪያ ጨርቁን በጣታቸው ያሹታል፤ ፎቶው ላይ እንዳለው እንደማይወርድ ያውቁታል። የት እንደምትለብሰው ይጠይቃሉ። ሠርግ ከሆነ ብዙ ትቀመጣለች፣ ስለዚህ ወገቡ ላይ ትንሽ ይለቁላታል። የምትወፍር ወይም የምታረግዝ ከመሰላቸው ሳይናገሩ ስፌቱ ውስጥ መልቀቂያ ያስቀራሉ። ከዚያ ቁራጭ እንዳይበዛ ጨርቁን ወዲያና ወዲህ አገላብጠው በሳሙና ምልክት ያደርጋሉ፤ መቀስ ከገባ በኋላ መመለስ የለምና። ሲንጀሩ ላይ የሚቀመጡት ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ከመቀሱ በፊት ያለው በሙሉ ዲዛይን ነው። አንቺም አባትሽም የምትከራከሩት «ሥዕል» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ለጉዳዩ አይሆንም። እጅሽ መሳል መቻሉ ይጠቅምሻል፣ አልክድም። ነገር ግን እንደ ጉድ የሚስሉ ልጆች ዲዛይን ገብተው ሲያቅታቸው አይቻለሁ፤ ምክንያቱም ሥራቸውን ሰው ሲነካባቸው ያማቸዋል። ደንበኛ «ይሄን ቀይ አድርጊልኝ» ይላል፣ ነገ «አረንጓዴው ይሻል ነበር» ይላል፣ ከነገ ወዲያ የእህቱን ባል ይዞ ይመጣል። ያኔ «ለምን ቀይ ፈለገ?» ብለሽ የምትጠይቂ ከሆንሽ ለሙያው ትሆኛለሽ። ሥራዬን አበላሸብኝ ብለሽ የምታለቅሺ ከሆንሽ ሥዕል ተማሪ፤ እሱም የተከበረ ሙያ ነው፣ ግን ሌላ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ከራሴ ልንገርሽ። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ነበርኩ። አንድ ማኅበር የ2007 ዓ.ም. የግድግዳ ካላንደር አዘዘን። ፎቶውን አሳመርኩ፣ ቀለሙን አስማማሁ፣ የቀኖቹን ሰንጠረዥ ግን ካለፈው ዓመት ፋይል ገልብጬ ቀኖቹን ብቻ አስተካከልኩ። 2007 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። እኔ 5 አድርጌ ሰደድኳት። ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ታስሮ ካለቀ በኋላ ያየው የማኅበሩ ዘበኛ ነው። የመጨረሻው ቅጠል እንደገና ታተመ፣ ከደመወዜም ተቆረጠ። ስለ ፎቶው ውበት ያነሳ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋይል ለኅትመት ከመላኬ በፊት ጽሑፉን ከታች ወደ ላይ አነባለሁ፤ አንቺም ልመጂው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ዲዛይን» አንድ ትምህርት አይደለም። ዕድሜሽን ከምን ጋር ስትታገይ መዋል እንደምትፈልጊ ምረጪ፦ ከወረቀትና ከስክሪን ጋር፣ ከጨርቅ ጋር፣ ከዕቃ ጋር ወይስ ከሕንፃ ጋር?

የሕንፃውን ባጭሩ ልለፈው። አርክቴክቸር አምስት ዓመት ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልደታ ግቢ ያለው ተቋም ስሙ የታወቀ ነው፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጡታል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስለሆንሽ በሩ ክፍት ነው። «ጤና ግቢ» ለሚሉ አባትም ሳይዋጥ አይቀርም፤ መሐንዲስ የሚመስል ስም አለው።

ዕቃ ማለት ወንበር፣ ቦርሳ፣ ጫማ፣ መብራት፣ ማሸጊያ ነው። ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ይባላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ያስተምረዋል። ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ ራሳቸው ናቸው፤ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽም፣ ግራፊክስም አለው። ለመግባት ከማትሪክ ውጤት ሌላ የተግባር ፈተና ስላለ እርሳስሽን አታስቀምጪ። «የኢንዱስትሪያል ዲዛይነር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ግን ብዙ አታይም፤ የሚቀናቸው አብዛኞቹ የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፍተው ነው። ቤተልሔም ጥላሁንን አስቢያቸው፤ ከመኪና ጎማ የሚሠራውን፣ ሁላችንም የምናውቀውን በረባሶ ይዘው ተነስተው ሶልሬብልስ የተባለውን ጫማቸውን ባሕር ማዶ ድረስ ሸጡት። በረባሶ አዲስ ነገር አይደለም፤ እሳቸው ግን ማን እንደሚለብሰው እንደገና አሰቡበት።

ጨርቅ ከሆነ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለ። እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልንገርሽ። የኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሰፉት ዲዛይኑ ከውጭ የመጣ ልብስ ነው። የሐዋሳው ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙ የፋሽን ተማሪ ዲዛይነር ሆኖ የሚቀጠር መስሎት ነበር፤ ያገኙት የናሙና ስፌት፣ የጥራት ቁጥጥርና የቅድ ሥራ ነው። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ ስታስወጣ ደግሞ እሱም ሳሳ። የፋሽን ዲዛይነር እንደ ዲዛይነር የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔው ጋር ተቀምጦ ጥለቱን በሚያስቀይርበት፣ የሙሽራ ልብስ በሚሠራበት፣ ዋሽንግተን ላለች ሚዜ በቴሌግራም ልኬት ተቀብሎ አበሻ ቀሚስ በሚልክበት። ሴትዮዋን ሳያዩ ልክ አድርጎ መስፋት እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ አባትሽን ጠይቂያቸው።

ሰፊው ሜዳ ወረቀትና ስክሪኑ ነው፤ ካርዶችሽን ሳስብ ልብሽም ያለው እዚያ ይመስለኛል። ማተሚያ ቤት፣ የማስታወቂያ ድርጅት፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የባንክ ማርኬቲንግ ክፍል፣ ዓመታዊ ሪፖርት የሚያሳትም የእርዳታ ድርጅት፣ ቡናና ለውዝ ቅቤ አሽጎ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ሁሉም ግራፊክ ዲዛይነር ይፈልጋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ባንኩም ታክሲውም ሱቁም መተግበሪያ ማሠራት ስለያዘ የስልክ ስክሪን ዲዛይን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። እዚህ የሚጠየቀው ውበት ብቻ አይደለም። እናትሽ ገንዘብ ሲልኩ የትኛው ጋ ይደናገራሉ? አማርኛው የገባበት አዝራር የአፋን ኦሮሞውን ረጅም ቃል ይችላል? ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ ብሩ መሄድ አለመሄዱ በምን ይታወቃል?

የእኔ ድክመት ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝና ስለ ፊደል ትንሽ ላውራ። በዚህ አገር ግራፊክ ዲዛይነር ልሁን የሚል ሰው ሌላ ማንም የማያስተምረው አንድ ትምህርት አለበት፤ እሱም የራሳችን ፊደል ነው። ሶፍትዌሩም፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው ትምህርትም የተሠራው ለላቲን ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ከእንግሊዝኛ አጠገብ በእኩል ቁጥር ስታስቀምጪው አማርኛው ገዝፎ የሚጮህ ይመስላል፤ ስለዚህ ትንሽ ማሳነስ አለብሽ። ሉ እና ሊን የሚለያቸው ቀኝ እግር ላይ ያለችው ቅንጣት መሃል ወይም ታች መሆኗ ብቻ ነው፤ መድኃኒት ካርቶን ላይ አሳንሰሽ ስታትሚያት ቅንጣቷ ትጠፋለች፣ አንባቢውም ይሳሳታል። ፊደላችን ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የፎንት ምርጫችን ዛሬም ከላቲኑ ጋር አይወዳደርም። ኒያላ የምትባለው የአማርኛ ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ አላት፤ ካርድሽ ላይ «ቦልድ» ስትጫኚ ኮምፒውተሩ በግድ ያወፍራትና ዓይኖቿ ይደፈናሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነጻ አውርጂ፤ ከቀጭን እስከ ወፍራም ደረጃ በደረጃ አለው። ሥዕል የሚሠራው አዲሱ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስስ ሥራችንን አይነጥቀንም ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝም እዚሁ ጋ ይመለሳል፤ እኔ ስሞክረው ለአማርኛ ጽሑፍ የሰጠኝ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ነው። ነገ ሊሻሻል ይችላል፣ አልወራረድም። የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ግን የሚያየው ያው ሰው ነው።

ስለ ትምህርቱ። መጀመሪያ ማትሪኩን እለፊ። ከ2014 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት 50 በመቶ ግድ ነው፤ በካርድ ሠበብ ፊዚክስሽን ብትጥዪ አባትሽ ልክ ሊሆኑ ነው። የመግቢያ ሥርዓቱ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከሰው አፍ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጠይቂ። ነጥቡ ካልመጣ ቴክኒክና ሙያን አትናቂው፤ ስፌትም፣ ቆዳም፣ ፈርኒቸርም እዚያ በእጅ ይሠራል፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ ልጅ ወርክሾፕ ውስጥ የት እንደሚቆም ያውቃል። ሌላም መንገድ አለ፤ ማርኬቲንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረሽ ዲዛይኑን ጎን ለጎን ማሳደግ። የስክሪን ዲዛይን ከሆነ የምትፈልጊው፣ ኮምፒውተር ሳይንሱ ከሥዕል ክፍል የበለጠ ይረዳሻል ባይ ነኝ። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ።

ቀጣሪ ግን ከዲግሪው ይልቅ ሥራሽን ያያል፤ ፖርትፎሊዮ የሚባለው እሱ ነው። አርባ ካርድ አታስገቢበት። አምስት ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛው ምን እንዳለ፣ መጀመሪያ ምን ሞክረሽ እንዳልሆነና ለምን እንደቀየርሽው ጻፊ። የተበላሸውን ረቂቅ አትደብቂ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሳለሁ ቆንጆ ሥራ ያሳየኝ ልጅ ብዙ ነው፤ «ይሄን ለምን እዚህ አደረግሽው?» ስል መልስ ያላት ጥቂት ናት።

ካርድ በነጻ መስጠትም ይብቃሽ። ብር ያልከፈለ ሰው «በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ ይሄዳል፤ መቶ ብር የከፈለ ሰው ግን የሙሽራው ስም አንሷል፣ የአዳራሹ አቅጣጫ አይታይም ብሎ እውነቱን ይነግርሻል። ግማሹን በቅድሚያ ተቀበይ። ሁለት ጊዜ አስተካክላለሁ፣ ሦስተኛው ይከፈልበታል በይና ወረቀት ላይ ጻፊው። ካንቫ ለመጀመሪያው ጥሩ ነው፤ ማተሚያ ቤት ግን ጠርዙ ላይ ለመቁረጫ የሚተርፍ ቦታና በኅትመት ቀለም የተዘጋጀ ፋይል ይጠይቅሻል። ደሴ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ሂጂና ክረምቱን ልጥረግላችሁ፣ ላጣጥፍላችሁ ብለሽ ግቢ። ስክሪን ላይ የሚያበራው ወይን ጠጅ ቀለም ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሞት በዓይንሽ ብታዪው ይሻላል።

አባትሽን በተመለከተ ክርክሩን ተዪው። ሙያው ላይ ያላቸው ፍርሃት ትክክል ነው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ወር እስከ ወር ደንበኛ መጠበቅ ምን እንደሆነ ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ገቢው ይዋዥቃል፤ ይሄን አትደብቂያቸው። ይልቅ ሥራ አምጪላቸው። ሱቃቸው ታፔላ አለው? ፊደሉ ከመንገድ ማዶ ይነበባል? ለደንበኛ ልኬት የሚጽፉበት ደብተር ላይ ደረትና ወገብ ተምታቶባቸው ያውቃል? አንድ ገጽ የልኬት ቅጽ ሥሪላቸው። ግን አስቀድመሽ ሦስት ቀን ተቀምጠሽ እንዴት እንደሚጽፉ እዪ፤ ምን ብለው በምን ቅደም ተከተል እንደሚለኩ፣ የትኛውን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንደሚያረጋግጡ። ከዚያ ሃምሳ ኮፒ አሳትሚና ስጫቸው። አንድ ወር ቆይተሽ ስትሄጂ ቅጹ ላይ በእስክሪብቶ የጨመሩት ነገር ታገኛለሽ፤ ምናልባትም ጭራሽ አልተጠቀሙበት ይሆናል።

ሁለቱም ቢሆን ቅጹን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ከነእስክሪብቶው።