ቪዲዮ ሲወጣ የሚጠፋ ኮምፒውተር በየትኛው ሶፍትዌር ይፈተን?

ከፍኖተ ሰላም የጻፉልኝ የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ ችግራቸውን እንዲህ ገልጸውታል። ኮምፒውተሩ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ቀኑን ሙሉ ደህና ይሠራል። የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ ፋይል ሲያወጡ ግን ያለ ሰማያዊ ስክሪን፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ይጠፋና እንደገና ይነሣል። አንድ ጠጋኝ ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሳጥን) ቀይሮላቸዋል፤ ዊንዶውሱንም ደጋግሞ ጭኖላቸዋል። ለውጥ የለም። የጥር ሰርግ ሥራ ስለተከመረባቸው ፈርማርክ የሚባለውን የግራፊክስ ካርድ መፈተኛ አስነሥተው ሌሊቱን ቢያሳድሩት ጉዳዩ ይለይ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ወንድሜ፣ እባክዎ አያሳድሩት። በላኩልኝ ፎቶ ላይ ወደ ግራፊክስ ካርዱ የሚሄደው ገመድ ከሌላ ገመድ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር ታስሯል። ከፕላስተሩ ጫፍ ላይ የቢጫው ገመድ ሽፋን ቡናማ ሆኗል። ያ ሙቀት ነው። የእርስዎ ጂቲኤክስ 1660 ካርድ በሙሉ አቅሙ 120 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ12 ቮልት ሲሰላ 10 አምፔር ነው። ከፊሉ በማዘርቦርዱ በኩል ቢያልፍም የቀረው የሚሄደው በዚያ ጥምዝ ነው። ፈርማርክ ደግሞ ካርዱን ያለ ፋታ እላይ ሰቅሎ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። ይህን ሥራ የሠራው ሰው ገንዘብ መቀበሉ ያናድደኛል።

ጥርጣሬዬ ገና ደብዳቤዎን ሳነብ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነበር። ፕሮሰሰር ሲግል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሲበላሽ ዛሬ አንድ ዓይነት፣ ነገ ሌላ ዓይነት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ ፋይልም ያበላሻል። ፕሮሰሰሩና ካርዱ አብረው ሲሠሩ ብቻ ድርግም የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ የኃይል እጥረት ነው። ዊንዶውስ በክስተት መዝገቡ ላይ ያሰፈረው 41 ቁጥርም የሚናገረው ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። በዚያ ምክንያት ዊንዶውስ መጫን ድካም ነው።

ጠጋኙ የገጠመልዎን የፓወር ሰፕላይ መለያ ያንብቡት። በትልቁ 500 ዋት ይላል፤ በ12 ቮልት ረድፍ ላይ ግን 18 አምፔር ነው የተጻፈው። 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከዚሁ ረድፍ ነው፤ ያውም መለያው እውነቱን ከተናገረ። እንዲህ ያለ ቀላል ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል፤ በእጅ ሲያነሱት እንኳ ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል።

ስለዚህ ከካርዱ በፊት ፕሮሰሰሩንና ራሙን ከጥርጣሬ ነጻ እናውጣ። መሰኪያውን ነቅለው ካርዱን ያውጡ፣ ያንን ገመድም ያስወግዱት። የእርስዎ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስላለው ስክሪኑን ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩት። ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86 ፕላስን በፍላሽ ጭነው ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሡና ሁለት ዙር ያስጨርሱት። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይለዩ። ከዚያ ኤችደብሊውኢንፎን ሙቀቱን እንዲያሳይዎ ከፍተው ፕሮሰሰሩን የሚፈትነውን ፕራይም95ን ስሞል ኤፍኤፍቲ በሚለው ምርጫ ግማሽ ሰዓት ያሠሩት። ይህን ሁሉ በቀን፣ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው።

ፕራይም95ን ከሌሎቹ የማስበልጥበትን ምክንያት ልንገርዎ። መጀመሪያ የተሠራው ኮምፒውተር ለመፈተን አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን የሚፈልጉበት ሶፍትዌር ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር አሃዝ ያለውን ቁጥር እንደ ትምህርት ቤት ማባዛት ዘመን ስለማይበቃው፣ ቁጥሩን ቆራርጦ በአስርዮሽ ያሰላና በመጨረሻ ወደ ሙሉ ቁጥር ይመልሰዋል። ሙሉ ቁጥር በሙሉ ቁጥር ተባዝቶ የሚወጣው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱ በአቅራቢያው ካለው ሙሉ ቁጥር በ0.4 ከራቀ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ተሳስቷል። ሶፍትዌሩም «0.5 ሆኗል፣ ከ0.4 ማነስ ነበረበት» የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል። በዚህ አያበቃም፤ የመጨረሻውን ውጤት አስቀድሞ ከሚያውቀው ትክክለኛ መልስ ጋር ያመሳክራል። ሌሎች ብዙ ሶፍትዌሮች ኮምፒውተሩን ያደክሙታል እንጂ ሒሳቡን አያርሙትም። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ኢንቴል ስካይሌክ በተባሉ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ያመነው ጉድለት የታወቀው በዚሁ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ነው፤ ኮምፒውተሩ በስሌት መሃል ይደርቅ ነበር።

የእርስዎ ኮምፒውተር ይህን ያለ ስህተት ካለፈ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ይተዋቸው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሰው ሲሄድልዎ 550 ዋት የሆነ፣ 80 ፕላስ የሚባለው የኃይል ቁጠባ ምልክት ያለበት፣ ከራሱ የሚወጣ ባለ 8 ፒን የካርድ ገመድ ያለው ፓወር ሰፕላይ ያስመጡ። መቀጠያ አይቀበሉ። አሮጌውን ደግሞ ለመጠገን ብለው አይክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች 300 ቮልት ገደማ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

አዲሱ ሲገባ ነው ካርዱ የሚፈተነው። ኦሲሲቲ የሚባለው ሶፍትዌር ፕሮሰሰሩንና ካርዱን አብሮ የሚያደክም የፓወር ፈተና አለው፤ ለእርስዎ ጉዳይ ከፈርማርክ ይልቅ እሱ ይሻላል፤ ለግል መጠቀሚያም ነጻ ነው። ሰዎች በፍላሽ የሚያዟዙሩትን ሰባሪ (ክራክ) የተጨመረበት ቅጂ አይንኩ፣ ከሠሪው ገጽ ያውርዱ። ፈተናው እየሄደ የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ በጥቁሩ፣ ቀዩን ጫፍ በቢጫው ገመድ ላይ አድርገው ከትርፍ ባለ 4 ፒን መሰኪያ ላይ ይለኩ። በሶፍትዌር የሚታየው ቮልት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከ11.4 በታች ከወረደ ፈተናውን ወዲያው ያቁሙ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ አሁንም አጠገቡ ሆነው፣ የቃጠሎ ሽታ ከመጣ መሰኪያውን ለመንቀል እጅዎ ቅርብ ይሁን። ለቡና እንኳ ትተውት አይውጡ።

ይህን አልፎ ቪዲዮ ሲወጣ አሁንም ከጠፋ፣ የሚጠፋበትን ሰዓትና በዚያ ሰዓት የግድግዳውን ሶኬት ቮልት ለክተው ይላኩልኝ፤ ማታ ማታ መብራቱ የሚወርድበት ሰፈር ከሆነ ቀጣዩ የምናየው እሱን ነው።