ክብደት ከቀነሱ በኋላ ረሃብ ስለ መበርታቱ፦ መልስ

እህቴ፣ 12 ኪሎ ከቀነሱና በየማለዳው በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ መሮጥ ከጀመሩ በኋላ ረሃቡ ከቀድሞው እንደ ባሰብዎት ገልጸው፣ «የፈቃደኝነት ጉድለት ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። አይደለም፤ ራስዎን አይውቀሱ።

የስብ ህዋሳት ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን እያመነጩ፣ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንደ ተከማቸ ለአንጎል ያሳውቃሉ። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲንም ስለሚያሽቆለቁል፣ አንጎል ሁኔታውን እንደ ምግብ እጦት ቆጥሮ የመብላት ፍላጎትን ያነሣሣል። በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጨውና ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን በአንጻሩ ከፍ ይላል። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት ጥብቅ አመጋገብ ተከትለው ክብደት በቀነሱ ሰዎች ላይ ይህ ለውጥ ከአንድ ዓመት በኋላም እንዳልጠፋ ታይቷል፤ እኔ በተለይ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ይህንን ነው።

ስፖርቱን በተመለከተ፣ ጠንከር ያለ ሩጫ ግሬሊንን ለጥቂት ጊዜ ዝቅ፣ የጥጋብ ስሜት የሚሰጡትን የአንጀት ሆርሞኖች ደግሞ ከፍ ያደርጋል። ከሩጫ በኋላ ወዲያው ምግብ የማያሰኝዎትም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ውጤቱ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፤ የቀነሰውን ክብደት ጠብቆ ለማቆየት ግን መደበኛ እንቅስቃሴ በእጅጉ ይረዳል።

ከማዕድዎ ምስርና ሽሮ አይጉደሉ፤ ፕሮቲንና አሰር ጥጋብን ያቆያሉ። በቂ እንቅልፍም ያግኙ፤ የእንቅልፍ እጦት የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል። ረሃቡ ከአቅም በላይ ከሆነ የሆርሞን ሕክምና ሐኪም ያማክሩ፤ ጂኤልፒ-1 የተባለውን የጥጋብ ሆርሞን ተግባር የሚያስመስሉ መድኃኒቶች ስላሉ፣ ለእርስዎ ይስማሙ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።